ጠቡ ስም ሳይወጣለት

በአንድ አነስተኛ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለፕሮክተሮችና ለተማሪዎች አገልግሎት ሠራተኞች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡር የኮሌጃችን ዲን፣
የተከበራችሁ ፕሮክተሮች፣ የጠቅላላ አገልግሎትና የምግብ ቤት ባልደረቦች፣
የተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች፣
ክቡራትና ክቡራን፤

ትናንት ማታ ተረኛ የነበራችሁ ፕሮክተሮች እንቅልፍ ሳትጠግቡ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ንግግሬ የሚያስተኛ እንዳይሆን እጥራለሁ።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የደረሰኝ የላይኛው አልጋ ነበር። ክፍሉ ስድስት ሰው ይይዛል፤ ስድስታችንም የመጣነው ከተለያየ አገር ነው። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ያውም አንድ ቀን መጥቶ ሌላውን ቀን ይጠፋል። አንድ ሌሊት ከመካከላችን አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብሎ ጠብቆ ጄሪካኑን ሞላና ተኛ። ጠዋት ሲነሣ ጄሪካኑ ባዶ ነው። ከታችኛው አልጋ ያለው ልጅ ማልዶ ተነሥቶ ልብሱን አጥቦበታል። መጀመሪያ የተጠየቀው «ውሃዬን ማን ነካው?» ተብሎ ነበር። ወሬው ኮሪደር ላይ ሲደርስ «የየት አገር ልጅ ነው የወሰደበት?» ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ ካፌ ስንገባ የምንቀመጥበት ጠረጴዛ ተለያየ። ሃያ ሊትር ውሃ በግማሽ ቀን ውስጥ ብሔር ወጣላት።

የዚያን ዕለት ማታ «ጋሼ» የምንላቸው ፕሮክተር መጡ። ማን አጠፋ ብለው አልጠየቁም፤ ምክርም አላበዙም። የሞላ ጄሪካን ተሸክመው መጥተው ክፍሉ መሃል አስቀመጡና፣ «ውሃው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? ከእናንተ አምሽቶ የሚያጠናው ማነው?» አሉን። መልሳችንን ከሰሙ በኋላ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው በሩ ጀርባ ላይ የስድስታችንን ስም በተራ ጻፉ። ተራው የደረሰ ለሁሉም ይቀዳል፤ ሌላው ይተኛል። በቃ፣ ይኸው ነበር። ጠመኔው ሲደበዝዝ እኛው እየደገምን እየጻፍነው ዓመቱ አለቀ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ በር ጀርባ የመጣ ነው። የዶርም ጠብ ሲወለድ ስም የለውም። የውሃ ነው፣ የሶኬት ነው፣ «መብራቱን አጥፋልኝ» ነው፣ የሎከር ቁልፍ ነው። በሰዓቱ የሚደርስለት ሰው ካጣ ግን ስም ይወጣለታል፤ የብሔር ይባላል፣ የሃይማኖት ይባላል፣ የሴትና የወንድ ይባላል። ስም ከወጣለት በኋላ አንድ ሰውና አንድ ጠመኔ አይበቁትም። ኮሚቴ ይፈልጋል፣ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ፖሊስ። የተማሪዎቻችንን ስም እየጠራችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ልጅ በጣም ጥቂት ነው። የሚበዛው ደክሞት፣ ርቦት ወይም ፈተና ደርሶበት ሳለ ሌላው የነካው ልጅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመልሰዋል። የዚያ ግጭት ምክንያት ከግቢ አጥር የሰፋ ነበርና ሁሉም በጄሪካን ተጀመረ ብዬ አላቃልለውም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ከውጭ የመጣ ወሬ ቶሎ ቦታ የሚያገኘው ነዋሪዎቹ ቀድመው በተኳረፉበት ክፍል ውስጥ ነው። ስድስቱም በተራ ውሃ ከሚቀዱበት ክፍል ግን ወሬው ገብቶ፣ «እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አያደርግም» የሚል ሰው ያገኛል።

ክቡራትና ክቡራን፤

አብሮ ማደር ክፉ ነገር ብቻ የሚወልድ እንዳይመስለን ታሪካችንን እንይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዛሬ እንደኛው ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ አገሮች በሰጡት ነፃ የትምህርት ዕድል ኬንያን ከመሳሰሉ አገሮች የመጡ ወጣቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር መኖር ጀመሩ። እነዚያ እንግዶች ስለ አገሮቻቸው የነፃነት ትግል የሚያወሩት ወሬ በኢትዮጵያ የተማሪዎች እንቅስቃሴ መነቃቃት ላይ አሻራ እንደነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ይህ ወሬ በየትኛውም የትምህርት ፕሮግራም ላይ አልተጻፈም። አልጋ ለአልጋ ከተቀመጡ ሰዎች አፍ የወጣ ነው።

ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ ጎንደር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን አብሮ አሠለጠነ፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንደ አንድ ቡድን እንዲሠማሩ ነበር የታሰበው። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሌላው ምንጭና መጸዳጃ ቤት ያሠራል። ገጠር ገብተው በአንድ ግቢ ሲኖሩ ሌላ የሚያማክሩት ባለሙያ በቅርብ አልነበረም። የእኛም ተመራቂዎች ነገ ዕጣቸው ይኸው ነው። ከከተማ የራቀ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ የሠራተኛ ቤት ያድራሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ፣ ተኳርፈው የተኙ ሁለት ነርሶች ምን ዓይነት ዕርዳታ ይሰጧታል? ልጆቹ ይህን የሚለማመዱት እናንተ ቁልፉን በያዛችሁበት ብሎክ ነው።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። ኮሌጃችን ትንሽ ነው። ትንሽነታችን ሀብትም ዕዳም ነው። ሀብቱን ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ቀን ቁርስ ያልበላች ልጅ ብትኖር ወጥ ቤት ያለችው እትዬ ታስተውላለች፣ ዘበኛው ደግሞ ማን አምሽቶ እንደገባ በስሙ ያውቃል። በሺዎች በሚቆጠር ተማሪ መሃል አዲስ ገቢ አንድ ልጅ ሳምንት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቢተኛ ማንም ላያስተውል ይችላል። እኛ ዘንድ ማየት ይቻላል፤ ካየን ደግሞ ዝም ማለት አይገባንም።

ዕዳው ደግሞ ወሬ ነው። በትንሽ ግቢ አንዲት ተማሪ ማታ ለፕሮክተሯ የነገረችው ምስጢር ጠዋት ገበያ ወጥቶ ይጠብቃታል። ፕሮክተሩ የአንዱ ባልደረባ ዘመድ ነው፣ ባልደረባው የአንዱ መምህር ጎረቤት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ደፋሪን የሚከስ፣ ሕመሙን የሚናገር ልጅ ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ በሽታውን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛ ከሆንንስ? በሙያችን የታካሚን ምስጢር መጠበቅ እናስተምራለን። የዶርም ምስጢርም በዚያው ሕግ ይዳኝ።

ክፍል ውስጥ የምናስተምረውና ተማሪው የሚያድርበት ክፍል መጣላታቸው ሌላው ጉዳይ ነው። ጠዋት የሳንባ ነቀርሳ በተዘጋና አየር በማይዘዋወርበት ቤት እንደሚተላለፍ እናስተምራለን። ማታ ተማሪዎቹ የተሰበረውን መስኮት በካርቶንና በጋዜጣ ደፍነው ስድስት ሆነው ይተኛሉ። እከክ አንድ ሰው ብቻ ታክሞ እንደማይለቅ፣ አንሶላና ልብስም አብሮ መታጠብ እንዳለበት በፈተና እንጠይቃለን፤ የማጠቢያው ቧንቧ ግን ደረቅ ነው። አንድ ሶኬት ላይ ሦስት ማከፋፈያ ተቀጣጥሎ፣ በላዩ ላይ የውሃ ማፍያ ብረት ተሰክቶ ያየሁበት ቀን አለ። ተማሪውን ከመቅጣታችን በፊት ሻይ የሚያፈላበት ቦታ ሰጥተነዋል ወይ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን ልናዘዝ፤ የእኔም ፊርማ ያለበት ጥፋት ነውና። ባለፈው ዓመት በሴቶች ብሎክ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ያለው አምፖል ተቃጠለ። ፕሮክተሯ በማግስቱ ጻፈች። ደብዳቤው ከእኔ ቢሮ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ግዥ፣ ከግዥ «ንብረት ክፍል ይኖራል» ተብሎ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ። ደብዳቤው ሲዞር ሳምንታት አለፉ፤ ሴቶቹ ልጆች ማታ ማታ ሁለት ሁለት እየሆኑ በስልካቸው ብርሃን ይወጡ ነበር። ፈተና ሊደርስ ሲል ፕሮክተሯ ከገዛ ኪሷ ገዝታ ሰቀለችው። ዛሬ እዚህ መሃላችሁ ተቀምጣለች። ስሟን ብጠራ እንደምታፍር ስለማውቅ እተወዋለሁ፤ የአምፖሉን ገንዘብ ግን ከዚህ ስንወጣ እከፍላታለሁ።

ሌላው የአምልኮና የጾም ጉዳይ ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተገናኙባቸው ዓመታት በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ለሱሁር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣል፤ በሌላ ብሎክ ያለች ተማሪ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። እንቅልፍ የሚወድ ልጅም አለ። በዚህ የተጣሉ አይቻለሁ። ደግሞ ሌላ አይቻለሁ፤ ሱሁር እንዳያልፈው የሙስሊም ጓደኛውን የሚቀሰቅሰው ሲያጠና ያመሸ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ የሙስሊሙ እናት የላከችው ዳቦ ቆሎ ደግሞ ዘይት እንጂ ቅቤ ያልነካው ነው፤ «ጓደኛህ እየጾመ ነው ስላልከኝ» ብላ። ይህን ደንብ አያመጣውም። ደንብ የሚችለው መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ የሚያጠና ሰው የት ሄዶ እንደሚያጠና መወሰን ነው። ያ ሲወሰን የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ያመጡታል።

ማየት የተሳናቸውና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ተማሪዎቻችንን በተመለከተ አጭር እናገራለሁ፤ ክርክር የለውምና። ምድር ቤት፣ የታችኛው አልጋ፣ ለመጸዳጃ የቀረበ ክፍል። ምደባ ሲሠራ ቀድሞ የእነሱ ይሠራል፤ ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። ዶርም ያልደረሳቸውና ውጭ ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችም የእኛ ናቸው። አከራይ ድንገት «ውጡ» ያላት ተማሪ ቀድማ የምታንኳኳው የእናንተን በር ነውና ምን እንደምትሏት በዚህ ሥልጠና ላይ እንስማማ።

አልጋ ስንሰጥ ቸርነት ያደረግን የሚመስለንም አንጠፋም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወጪ መጋራት ሲጀመር፣ በደንብ ቁጥር 91/1995 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኖሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ተደርጓል። በዕዳ በያዘው ፍራሽ ላይ የሚተኛ ሰው እንግዳ አይባልም። የእኛም ተማሪ በዚህ ዓይን ይታይ። ፍራሹ ትኋን ካለበት «ምን ይጎድልብሃል?» አይባልም፤ ይቀየርለታል፣ ይረጭለታል።

ክቡራትና ክቡራን፤

በሦስቱ ቀናት ስለ አልጋ ምደባ፣ ስለ አቤቱታ አቀባበል፣ ስለ ምስጢር አጠባበቅ፣ ስለ እሳት አደጋና ስለ አእምሮ ጤና የመጀመሪያ ዕርዳታ ትነጋገራላችሁ። የሚያሠለጥኗችሁ ሰዎች ብዙ ያውቃሉ፤ እናንተ ግን ሌሊቱን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትስሙ፤ ተከራከሩ። ከሥልጠናው የምጠብቀው አንድ ውሳኔ ነው፦ ከአምፖል፣ ከቧንቧና ከመስኮት ጋር የተያያዘ ቅሬታ ወደ ቢሮዎች ሳይዞር ፕሮክተሩ ራሱ በማግስቱ የሚያስጠግንበት አሠራርና ለዚያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ። ክቡር ዲናችን እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስናገር ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁና ምስክሮቼ ናችሁ።

በፕሮግራሙ ላይ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በዚህ አዳራሽ እንደሚካሄድ ተጽፏል። በአዘጋጆቹ ፈቃድ ለውጠነዋል። ከሻይ በኋላ ሁላችንም፣ ዲኑንም ጨምሮ፣ ወደ ብሎኮቹ እንሄዳለን። ተማሪዎቹ ትምህርት ላይ ናቸው፤ የተማሪዎች ኅብረት ግን አስፈቅዶልናል። ቧንቧ እንከፍታለን፣ መስኮት እንገፋለን፣ መብራት እናበራለን። በየበሩ የጎደለውን የምትጽፉበት ጠመኔ መግቢያው ላይ ተቀምጧል፤ ስትወጡ አንድ አንድ ያዙ።

ሥልጠናው ተከፍቷል።