አልማዜ ተቀይሮ ይሆን?

ቀለበታችሁን ለማጽዳት ወርቅ ቤት ሰጥታችሁ ስትቀበሉ ድንጋዩ ሌላ መሰላችሁ እንበል። ጠብ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አልማዝ ቅባት ይስባል። የእጅ ሎሽኑ፣ የሳሙናው ዝቃጭ፣ የወጡ ቅባት ሳይቀር ከሥሩ ይጋገርበታል። ያ ሲታጠብ ድንጋዩ ድንገት ያበራና ባዕድ ይመስላል።

አስተማማኙ ምስክር ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ የወርቅ ሠሪ መነጽር ስታዩት ጥቁር ነጥብ ወይም ላባ የመሰለ ስንጥቅ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እሱን እጥበት አያጠፋውም። አንዳንዱ አልማዝ ደግሞ ወገቡ ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር አለው፤ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ማመሳከር ነው።

በሙቀት የሚሠራውን የአልማዝ መሞከሪያ ብቻውን አትመኑት፤ ሞይሳናይት የሚባለውን አልማዝ መሰል ድንጋይ አልማዝ ነው ብሎ ያሳልፋል። ሞይሳናይት ግን በመነጽሩ አዘንብላችሁ ስታዩት የጠርዞቹ መስመር ድርብ ሆኖ ይታያል። በፋብሪካ የተሠራ አልማዝ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

እንግዲህ ቀለበቱን ከመስጠታችሁ በፊት ከባለሙያው ጋር በመነጽሩ አብራችሁ እዩ፣ ነጥቡ የት እንዳለ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ፊቱን ካጠቆረባችሁ ቀለበታችሁን ይዛችሁ ውጡ።