ስለ ስልክ ለጠየቃችሁኝ



ከምትጠይቁኝ ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ «መተማ ዮሐንስ ስደርስ ስልኬ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተበላሽቶ ነው እንዴ?» የለም፣ አልተበላሸም። ጉግል የሚባለው ኩባንያ የሠራው አንድሮይድ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይቀበላል። ሱዳን ደግሞ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። በተለይ የሱዳን ሲም ካርድ ደርባችሁ ከያዛችሁ፣ ስልኩ የገላባትን ኔትወርክ ሲይዝ ሰዓቱም የማዶ ይሆናል። መኪናው በ12 ሰዓት ሲነሣ ስልኩ ገና 11 ነው ይላችኋል! ስለዚህ ሰዓቱ በራሱ እንዲሞላ የሚያደርገውን አጥፉና በእጃችሁ ሙሉ።

ይህስ ቀላል ነው። የሚያሳስበኝ ጂሜይሉ ነው። ስልክ ስትገዙ ባለሱቁ ይከፍትላችኋል፤ የሚስጥር ቃሉንም እሱ ብቻ ያውቀዋል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንድሮይድ ተቆልፎ ቢደመሰስ የቀድሞውን ጂሜይልና የሚስጥር ቃል ይጠይቃል። የተሠራው ለሌባ ነበር፤ ቃሉን የማያውቅ ባለቤትም ከሌባ እኩል ይቆጠራል። እንግዲህ መጻፍ ችላችኋል፤ ቃሉን ራሳችሁ አውጡ፣ ጽፋችሁም ከመሬት ደብተራችሁ ጋር አኑሩት። የቴሌብርን የሚስጥር ቁጥር ግን ለልጅም ለባለሱቅም አትንገሩ፤ የሰሊጡ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።