መንገዱ ሲዞር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛችሁ ሆኜ ዛሬ ስለ አሜሪካ መንገድ ላውራችሁ ስል አትሳቁብኝ።

መንገዱ ሩት 66 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 ተሰየመ፤ ከቺካጎ ተነሥቶ ስምንት ግዛቶችን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ይደርሳል፤ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የየመንደሩን ነባር መንገድ እያያያዘ ስለተሠራ በየከተማው መሐል ያልፍ ነበር። ለትንሽ ነጋዴ የበጀው ይኸው ነው፤ መኪናው ሁሉ በደጁ ያልፋል። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ያፈናቀለው የኦክላሆማ ገበሬም ቤተሰቡን ጭኖ የተሰደደው በዚሁ ነው።

እኔን የማረኩኝ ወይዘሮ ሉሲል ሃሞንስ ናቸው። ከ1941 ጀምሮ በኦክላሆማ መንገድ ዳር ቤንዚን ማደያ ይዘው ስድሳ ዓመት ገደማ ሠሩ። ገንዘብ ካለቀበት መንገደኛ ዕቃ ተቀብለው ቤንዚን ይቀዱለት ነበር። መዝገባቸው ላይ እንዴት ያሰፍሩት እንደነበር ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ!

ሁሉም ሰው ግን እንዲህ አልተስተናገደም። ብዙ ማደሪያ ቤቶች ጥቁር መንገደኛ አያሳድሩም ነበር፤ ጥቁሮች የት ማደር እንደሚችሉ የሚነግር መጽሐፍ ይዘው ይጓዙ ነበር። ስለ መንገዱ ናፍቆት ሲያወሩ ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው።

ከ1956 ወዲህ መንግሥት ከተሞችን በጎን የሚያልፉ ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ሠራ። በአሪዞና ሴሊግማን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በ1978 አዲሱ መንገድ ሲከፈት መኪናው በአንድ ቀን ጠፋባት። ሱቆች ተዘጉ። በ1985 የ66 ቁጥር ራሱ ከመንግሥት መዝገብ ተሰረዘ። በ1987 ግን የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ አቶ አንጀል ዴልጋዲሎ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የግዛቱን መንግሥት ወትውተውም አሮጌው መንገድ በታሪካዊነት እንዲታወቅ አደረጉ። ዛሬ ከብዙ አገር ሰው ይመጣል። ለመድረስ የቸኮለ በአዲሱ ይሄዳል፤ በአሮጌው የሚመጣው ቆም ብሎ ቡና ሊጠጣና ሊያወራ ነው።

ይህን ያነሣሁት በእኛም ሰፈር መንገድ ስለዞረ ነው። ሻይና እንጀራ የምትሸጡ እህቶች ገበያችሁ መቀዝቀዙን ከብድር አመላለሱ አይቻለሁ። «ቁጠባውን ተካፍለን እንበተን» የሚል ሐሳብም ቀርቧል። እነዚያ ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው የተሰበሰቡት፤ እኛ ገና በሦስተኛው ወር ላይ ነን። መዝገቡን ይዤዋለሁ፤ ካዝናችን ውስጥ ያለውን ላንብብላችሁና ከዚያ እንነጋገር።