ልጃችን አነበበ ወይስ በቃሉ ወጣው?

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የቅሬ (የዕድር) ዳኞች፣ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ አጨዳውን ጥላችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ይስጥልን። ከመካነ ሰላም ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር የተጓዛችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ በእርግጥ እያነበቡና እየጻፉ ነው ወይ? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ብቻ ነው።

አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም። የንባብ ሰዓት ሲደርስ ድምፁ ከሁሉም ይጎላል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጣቱን ተከተልኩ። አፉ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ከመካከል አንድ ቃል ነጥዬ «ይህን በለኝ» ስለው፣ ከገጹ መጀመሪያ ተነሥቶ እየዘመረ መጣና ቃሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊደሉንም እንዲሁ ነው የያዘው። «ሎ»ን ብታሳዩት «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል» ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሙሉ ገጽ በጆሮው ብቻ የያዘ ልጅ ጥሩ አእምሮ አለው። ያጣው ነገር ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚህ በፊት ያላየውን ጽሑፍ የሚሞክርበት ጊዜ ነው።

ለምን አጣ? አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ ካለ፣ መምህሩ ሌላ ምንም ሳይሠራ ልጆቹን ተራ በተራ ቢያስነብብ እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ተከተሉኝ» ይላል፤ ክፍሉም ይከተላል። በኅብረት ማንበብ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ዓይናፋሩን ያደፋፍራል፣ ዜማውን ያስይዛል። ክፉ የሚሆነው ትምህርቱ እዚያው ላይ ሲያበቃ ነው፤ ምክንያቱም ከ60 ድምፅ መካከል የማያነበው ልጅ አይሰማም።

ይህን ችግር አባቶቻችን ከእኛ ቀድመው አውቀውት ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ልጁ ሀሁን በተርታ ከዘለቀ በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ ተለዋወጠ፣ ቤቱም ተዘበራረቀ፤ በዜማ የያዘው ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል፣ መልኩን የለየው ያልፋል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው አገር ያዳረሱት የፊደል ገበታም አቡጊዳን ይዟል። ቁርአን ቤት የተማራችሁም የሉሁን ሥርዓት ታውቃላችሁ፤ ልጁ ሉሁ ላይ የተጻፈለትን ለሸኹ ብቻውን አንብቦ ሳያሳልፍ ሉሁ አይታጠብም፣ አዲስ ትምህርትም አይጻፍለትም። የእነ ተድባበ ማርያም ደብር፣ የእነ ዳናና ጃማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አገር የሆነችው ወሎ ተማሪን አንድ በአንድ መስማት ባዕዷ አይደለም። በዱላውና በቁንጥጫው አልስማማም፤ አንድ በአንድ መስማቱ ግን ዛሬም ያስፈልገናል።

አንዳንዱ ወላጅ «ሲያድግ ይገባዋል» ይላል። አይሆንም፤ ቁጥሩም ይህን አያሳይም። በ2002 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የንባብ ምዘና ተሰጥቷቸው ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል አላነበቡም። ከዚያ ወዲህ የአማርኛው መማሪያ መጽሐፍ ተሻሽሏል፣ መምህራንም ሠልጥነዋል። ሆኖም በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞሉም፤ በ2015ም ያው ነበር። ሁላችንም ያኔ ስለ ፈተናው አወራን፣ አዘንን። እኔ ግን የፊዚክሱ ጥያቄ ላይ የወደቀው ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀው ሁለተኛ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄውን አንብቦ ምን እንደተጠየቀ ሳይረዳ ነው መልስ የሚያጠቁረው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ እዚሁ መካነ ሰላም ተተክሏል። ልጆቻችን በበሩ እንዲገቡ ከፈለግን መነሻው ይህች ሁለተኛ ክፍል ናት።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? «እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እንዴት ላውቅ?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ታውቃላችሁ። ማታ ልጁ መጽሐፉን ሲያወጣ ስንደዶ ወይም ጭራሮ ያዙና ከገጹ መሀል አንድ ቃል ጠቁሙ። «ምን ይላል?» በሉት። ሲነግራችሁ «ይኸው ቃል ሌላ የት አለ? ፈልገህ አሳየኝ» በሉት። ሁለቱን አስተያዩ። ዓይናችሁ ጥልፍ ይለያል፣ የበግ ምልክት ይለያል፤ ቅርጹ አንድ መሆኑን ማየት አያቅታችሁም። ቀጥሎ መጽሐፉን አስከድኑትና «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው? ማን ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልነገራችሁ አልተረዳውም ማለት ነው፤ አትቆጡት፣ እንደገና ያንብብ።

ፊደላችን የራሱ ጭንቅ አለው፣ ታገሡት። ካዕቡና ሣልሱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ምልክት ስለሚከተሉ ቶሎ ይያዛሉ። ሳድሱ ግን መልኩ ከፊደል ፊደል ይለያያል፣ ለየብቻው መለየት አለበት። ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ በትንሽ ጭረት ብቻ ነው የሚለያዩት። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም በጽሑፉ ላይ አይታይም፤ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የሚለው ልጁ የሚያውቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲገባው ብቻ ነው። ልጁ አንድ ቃል ላይ ቆሞ ወደኋላ ቢመለስ እያሰበ ነውና አታቻኩሉት።

ስለ ጽሕፈትም ልናገር፤ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። ደብተር ስናገላብጥ ሞልቶ ካየነው ደስ ይለናል። ደብተሩን የሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳ የተገለበጠ ነው። መገልበጥ እጅ ያፍታታል፣ ከዚያ አያልፍም። ቃል ጽሕፈት ይሻላል፤ መምህሩ ይናገራል፣ ልጁ የሰማውን ድምፅ ወደ ፊደል ይለውጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሱን ሐሳብ ሲጽፍ ነው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ትናንት ቤት ምን ሆነ?» ተብላ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥጃችን ታመመ። አባየ መዳኒት አመጣ። እኔ ያዝኩት እሱ አጠጣው። አልሞተም።» «መድኃኒት» ተሳስታለች፣ አራት ነጥቡን ግን በቦታው አስቀምጣለች፤ አራት ዐረፍተ ነገር ውስጥ መጀመሪያም፣ መጨረሻም፣ ጭንቀትም አለ። ይህን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ማበላሸት ኃጢአት ነው። አንድ ስሕተት አሳይቶ የቀረውን ማድነቅ ይበቃል። መምህራን ጓደኞቼ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ልጆቹ ከራሳቸው ያውጡ።

እርሳስን በተመለከተ አጭር ነገር፦ አንዱን እርሳስ ለሁለት ሰብሮ ለወንድምና ለእህት መስጠት ይቻላል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ተቀምጦ እንዲያይ ማድረግ ግን አይቻልም።

የከበደውን ጉዳይ ደግሞ አልሸሽም። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ልጆች ቤት ቀሩ። ከዚያም በክልላችን ጦርነቱና ግጭቱ ትምህርቱን ደጋግሞ አቋረጠው። ዕድሜው ለአምስተኛ ክፍል ደርሶ ንባቡ ገና አንደኛ ክፍል ላይ የቆመ ልጅ መካከላችን አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ያፍራል፤ አፍሮም ከብት መጠበቅን ይመርጣል። ወደ ታች ክፍል መልሶ ከሕፃናት ጋር ማስቀመጥ ልቡን ይሰብረዋል። ለእሱ የሚሻለው ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እየመጣ፣ ከእኩዮቹ ጋር በትንሽ ቡድን ንባብ ብቻ የሚማርበት ጊዜ ነው። መምህራኑ ተስማምተናል፤ ከእናንተ የምንለምነው በዚያ ሰዓት ልጁን እንድትለቁልን ነው። ጎረቤታሞች በጎችን በተራ አንድ ላይ ብታሰማሩ፣ አንዱ ሲጠብቅ ሦስቱ ይማራሉ። በአጨዳውም ወቅት ቢሆን ልጁ ቢያንስ የንባብ ቀኑን አይቅር።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለቅሬ ዳኞች አቀርባለሁ። ቅሬው ሲሰበሰብ ስም ይጠራል፣ መዋጮ ይመዘገባል። ስም መጥራቱን ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች በተራ ብትሰጡልን፣ ልጁ በቃሉ የማይወጣውን፣ አስቀድሞ ያላየውን ጽሑፍ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ያነባል። ቢሳሳት ባለስሙ ራሱ ያርመዋል። ተራውን ትምህርት ቤቱ ያወጣል፣ ሴት ልጆችም እኩል ይመደባሉ። ከመቼ ስብሰባ ይጀመር የሚለውን ዛሬውኑ ብትወስኑልን መምህራኑ ልጆቹን ያዘጋጃሉ። አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።