የመተማ ቆላ ሴቶች ሙያና የመሐንዲሱ ግዴታ




የመተማ ስም ሲነሣ ለብዙው ሰው የሚታወሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት የጦር ሜዳ ነው። ነጋዴው ደግሞ አገሩን የሚያውቀው በሰሊጡ፣ በጥጡና በዕጣኑ ነው። ሦስተኛው የመተማ መልክ ግን እምብዛም አይወራለትም። ይኸውም ከሸኸዲ እስከ ገላባት ድንበር ባለው ቆላ በሴቶች እጅ የሚከናወነው ሥራ በሙያው ዐይን ሲመረመር ከኬሚካል ምሕንድስና የሚቆጠር መሆኑ ነው።

ለዚህ አረቄ አውጪዋን መመልከት ይበቃል። ድፍድፉን በጋን አድርጋ አፉን በጭቃ ትመርጋለች፤ ተኑን በመቃ ወደ ሌላ ማሰሮ ትመራለች፤ ማሰሮውንም ውሃ ውስጥ ታስቀምጣለች። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ውሃ በ100 እንደሚፈላ ከመጽሐፍ ላታነብ ትችላለች፤ እሳቱን ቀነስ ጨመር እያደረገች የምትጠቀምበት ግን ይህንኑ ልዩነት ነው። የቆላው ሙቀት ሌላ ፈተና ይጨምርባታል። ማቀዝቀዣው ውሃ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ተኑ ወደ ፈሳሽ ሳይመለስ ያመልጣል፤ ስለዚህ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ግድ ይሆንባታል። ይህ በዩኒቨርሲቲ የሙቀት ማስተላለፍ ትምህርት ይባላል።

የዕጣኑም ነገር እንዲሁ ነው። በበጋው ወራት የዛፉ ልጥ እየተፋቀ ከቁስሉ የሚወጣው ሙጫ ደርቆ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በየመጋዘኑ ተቀምጠው ቅርፊቱንና አቧራውን እያስወገዱ በመጠንና በቀለም ደረጃ የሚያወጡለት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ነጩንና ፍሬው ተለቅ ያለውን ከጠቆረውና ከደቀቀው መለየት የዕጣኑን ዋጋ የሚወስን ሥራ ነው፤ ለለቃሚዋ የሚደርሳት ግን የቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው።

እነዚህ ሁለት ሙያዎች በአንድ ቦታ ሊገናኙ ይችላሉ። በተሰባበረ ዕጣን ውስጥ የውሃ ተን ሲያልፍ መዓዛውን የያዘውን ዘይት አብሮ ይወስዳል፤ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆንም ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። አሠራሩ በመሠረቱ የአረቄ አውጪዋ አሠራር ነው። የሚያስፈልገው የማይዝግ ብረት ድስት፣ የማቀዝቀዣ ቧንቧና የዘይት መለያ ዕቃ ሲሆን፣ ማገዶውም በዛፍ ፈንታ ከእርሻ የሚተርፈው የሰሊጥ አገዳ ሊሆን ይችላል። ዕጣኑ በጥሬው ተጭኖ ከመሄድ ይልቅ በቆላው ዘይት ሆኖ ቢወጣ፣ ጥቅሙ ለባለሙያዋ በቀረ ነበር።

ሴት በሙያዋ ፋብሪካ ልታቆም እንደምትችል ምስክሩ ከሩቅ አይፈለግም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ኬሚካል ምሕንድስና ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ነድፈው እ.ኤ.አ. በ2009 በመቀሌ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣቸው። ከሥራቸው የሚገኘው ትምህርት መነሻቸው ራሳቸው ጠንቅቀው የሚያውቁት ችግር መሆኑ ነው።

በመተማ የጎደለው ብልኀት ሳይሆን ዋስትና ነው። ቤት ወይም መሬት በስሟ የሌላት ሴት የባንክ ደጅ ይከብዳታል። ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሣሪያም ሆነ በመጋዘን ያለ ምርት ለብድር መያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል። ነገር ግን መሣሪያ መያዣ የሚሆነው ዋጋው ሲታወቅና ሲበላሽ የሚጠገን ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዱም ገበያውም አስተማማኝ አይደለም። ስለሆነም የሚነደፈው ዕቃ በአንድ ጋሪ የሚጫን፣ በሸኸዲ ብረት በያጅ የሚጠገን እንጂ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ መሆን የለበትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው የወፍጮ ታሪክ ነው። ወፍጮ ቤት በተከፈተበት ሁሉ ሴቲቱ ከድንጋይ ወፍጮ ተገላግላለች፤ የሞተሩ ባለቤት ግን ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ነገ የሰሊጥ ማበጠሪያና የዕጣን መለያ መኪና ሲገባ፣ ለቃሚዋ ባለ መኪና ትሆናለች ወይስ ሥራ ፈት? መልሱ የሚወሰነው መኪናው ከመገዛቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ዛፉ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በብዙ ሥፍራ የዕጣን ዛፍ ለዓሥርተ ዓመታት ወጣት ችግኝ እንዳልተካ ገልጾ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል፤ እሳት፣ ግጦሽና ያለ ልክ መፋቅ ጫካውን ጎድተውታል። የዘይት መውጫው ሥራ ፍላጎትን ብቻ ቢያንር ጥፋቱን ያፋጥናል። ስለዚህ ከድስቱ ጋር ዛፉን የሚያሳርፍ ውል፣ ችግኙንም ከከብት የሚከልል አጥር አብሮ መታሰብ አለበት።

እንግዲህ የመተማዋ ሴት የሙያውን ግማሽ መንገድ ብቻዋን ሄዳለች። የቀረው ግማሽ ንድፍ፣ ልኬትና ጥገና ነው። ይህንንም የተማረው መሐንዲስ ወደ ቆላ ወርዶ፣ ከጋኗ አጠገብ ተቀምጦ፣ አሠራሯን በመጠየቅ ሊጀምረው ይገባል።