አማካይ ነጥባችን ዝቅ ብሎ ወደ ታላላቅ ዩኒቬርሲቲዎች ስለ ማመልከት
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ሦስታችን በማርክ የታወቅን ሰዎች አይደለንም። ባለ ሜዳሊያዎቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ እነርሱ የእኛ ምክር አያሻቸውም። እኛ አማካይ ነጥባችን ከ4 ላይ 3 ሳይሞላ፣ በውጭ አገር ወዳሉ ስመ ጥር ዩኒቬርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ያመለከትን ነን።

አስቀድመን ሒሳቡን እንናገር። አንድ ተማሪ 90 ክሬዲት በ2.6 ጨርሶ የቀረውን 30 ክሬዲት በሙሉ ኤ ቢያመጣ፣ የሚመረቀው በ2.95 ነው። በበርክሌይ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቬርሲቲ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ አመልካች 3.0ን ዝቅተኛ ወሰን አድርጎታል። እንግዲህ «በመጨረሻው ዓመት አስተካክለዋለሁ» የሚል ጓደኛችን ድምሩ እንደማይታዘዝለት ከወዲሁ ይወቀው። ነገር ግን ያ ኤ የሞላበት ዓመት ከትራንስክሪፕቱ ላይ አይፋቅም። በአሜሪካ የዶክትሬት አመልካቾችን የሚመርጡት በአብዛኛው የትምህርት ክፍሉ መምህራን ራሳቸው ናቸው፤ እነርሱም ማርኩ ወዴት ሲሄድ እንደ ነበር ይመለከታሉ። በብዙ ዩኒቬርሲቲዎችም ክፍሉ አጥብቆ የፈለገው አመልካች ወሰኑን ባይሞላም በልዩ ሁኔታ የሚታይበት መንገድ አለ።

በመጀመሪያው ጊዜ ይህን አላወቅንም። ስለ ማርካችን ትንፍሽ ሳንል፣ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ለሳይንስ ያለንን ፍቅር በሁለት ገጽ ዘረዘርን። ከእኛ አንዱማ፣ ማን እንደ ሆነ አንናገርም፣ አንዲቱን ዲ ወደ ቢ ለማስለወጥ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ደርሶ ተመልሷል። ዩኒቬርሲቲዎቹ ዋናውን ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ እንደሚጠይቁ፣ ሐሰቱም ከተገኘ ከገቡ በኋላ እንኳ እንደሚያባርሩ የተረዳነው ቆይተን ነው። ሁሉም አልተቀበሉንም። ለአንድ ማመልከቻ እስከ 125 ዶላር የሚጠይቁ አሉና ኪሳችንም አብሮ ተራቆተ፤ ከክፍያው ነጻ እንዲያደርጉን ማመልከት እንደሚቻል የነገረን አልነበረም።

በሁለተኛው ጊዜ የሆነውን በአጭሩ ጻፍን። አንዳችን በአንደኛው ዓመት አባቱን ያስታምም ነበር፤ ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ገለጸ። ሁለተኛው በትምህርት ክፍል ምደባ ያልወደደው ክፍል ገብቶ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት አልነበረውም፤ ሰንፎ ነው። ምክንያት ከመፍጠር ይልቅ ዝም ብሎ የመመረቂያ ጥናቱን አያይዞ ላከ።

አሁን ወደ መምህራኖቻችን እንመለስ፤ ብንደፍር ይቅርታ ይደረግልን። አብዛኞቹ ዩኒቬርሲቲዎች ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። እኛም ስንለምን ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ጽፋችሁ አምጡና ልፈርም» የሚል ነው። ሥራ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን። ነገር ግን ሦስቱም ደብዳቤዎች «ታታሪ፣ ጨዋና ሰዓት አክባሪ» እያሉ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ፤ በእርግጥም የጻፋቸው አንድ ሰው ነው። ማርኩ ከፍ ያለው ተማሪ በዚህ ብዙም አይጎዳም፤ ማርኩ ይናገርለታል። ስለ እኛ ግን የሚናገር ሌላ ምስክር የለም።

አንድ መምህር ብቻ ራሳቸው ጻፉ። ይህ ልጅ በእኔ ትምህርት ሲ አግኝቷል፤ በኋላ ግን የተበላሸበትን ሙከራ አራት ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ ከመሣሪያው መሆኑን ያሳየኝ እርሱ ነው፣ የሚል ነበር ቃላቸው። ያ ልጅ ምክንያት ያልነበረው ሦስተኛው ነው፤ ተቀብለውታል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ሆኖ መልስ ይጠብቃል። አባቱን ያስታመመው በሁሉም ዘንድ ተከልክሏል፤ ዘንድሮም እንደገና ያመለክታል።

የብዙዎቹ የአሜሪካ የዶክትሬት ማመልከቻ የሚዘጋው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ገደማ ስለ ሆነ፣ ደብዳቤ የምትለምኑ በመስከረም ለምኑ፤ የሠራችሁትንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የእኛን ዶሴ ማየት የሚወድ ቢኖር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስቀምጠነዋል። ያልተቀበሉንም ደብዳቤዎች አብረው አሉ።