በኪራይ ቤት የተቀመጠ ውሃ
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የንግግሬ ርእስ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ መኖራችሁን ተመልክቻለሁ። ስለ ግድብና ስለ ድልድይ መነጋገር በተለመደበት በዚህ መድረክ፣ በተከራዩት ቤት ውስጥ ዓሣ ስለማኖር መናገር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የእኛ የሥራ ድርሻ ነው። ጉዳዩን ከምሕንድስና አውጥቶ ወደ ሕግና ወደ መድን የሚወስደው፣ ውሃው የእኔ ቤቱ ግን የሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና በማትርቀው በዲማ፣ በውሃ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ በትምህርቱ ስሙ የተጠራ ደብር ነው። የቆሎ ተማሪ እንደ ልማዱ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ ያድራል፤ አከራይ የለበትም፣ ውልም የለበትም። መሐንዲስ ግን ይከራያል። እኔም ከአንዲት አረጋዊት መነኩሲት የጭቃ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁና፣ ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል አራት ወርቃማ ዓሦችን በላስቲክ ከረጢት ይዤ ገባሁ። ወርቃማ ዓሣ የመረጥኩት ብርድ ስለሚችል ነው። የሞቃት አገር ዓሣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ መብራት በሚጠፋበት ደጋ ማኖሩ ፍጥረቱን ማሠቃየት ይሆናል።

ከፍታውም የራሱ ሂሳብ አለው። ደብረ ማርቆስን በመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ውሃ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን በአንድ ዓይነት ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ስለሆነም 100 ሊትር ገደማ በሚይዘው የመስተዋት ገንዳ ላይ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገጠምኩለት። ጥፋቱም የመጣው በዚሁ ፓምፕ ነው።

እማሆይ ገንዳውን ባዩ ጊዜ «ለመብል ካልሆኑ ለምን ታስራቸዋለህ፣ ልጄ?» ከማለት በቀር አልተቃወሙም። ስለ ውሃው መጠን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ፓምፑን ያስቀመጥኩት ከገንዳው በታች፣ መሬት ላይ ነበር። አየር መግፋቱን ባቆመ ጊዜ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ በሳይፎን ሕግ መፍሰስ ጀመረ። ጠዋት ስነሣ ገንዳው ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ዓሦቹ ደህና ናቸው። በእበት የተለቀለቀው መሬት ግን ረጥቧል፤ የግድግዳው ግርጌ ምርጊቱ ላልቶ ተንዷል። የከፋው ከግድግዳው ማዶ የነበረው ነው፤ የእማሆይ የጤፍ ጎታ ከነመቀመጫው ውሃ ጠጥቶ ነበር። በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ሃይድሮሊክስ ተምሬ፣ ከውሃው ጠርዝ በላይ ቢሰቀል አደጋው የማይደርስ ፓምፕ መሬት ላይ ማስቀመጤን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ነገሩ በሽማግሌ ታየ። ጤፉ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ግድግዳው በስንት እንደሚመረግ ይጠይቁኛል ብዬ ደብተር ይዤ ነበር። ከሦስቱ አንደኛው፣ መሪጌታ ናቸው፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሌላ ሆነ፤ «ይህን ያህል ውሃ ቤት ውስጥ እንደምታኖር ነግረሃቸዋልን?» አልነገርኳቸውም አልኩ። ወደ እማሆይ ዞር ብለው «ጎታው ከዚያ ግድግዳ ማዶ እንዳለ ነግረውት ነበርን?» አሉ። እርሳቸውም አልተናገሩም። ግድግዳውን እኔ ላስመርግ፣ የሻገተውን ጤፍ ደግሞ እኩሌታውን እንድተካ ተፈረደ።

ያን ጊዜ ፍርዱ ልማዳዊ መስሎኝ ነበር። በኋላ የንግድ ሕጉን ሳነብ ግን ያንኑ ጥያቄ አገኘሁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ሳይሻር የቀረ ነው። በዚህ ሕግ መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ በውሉ ጊዜ መግለጽ አለበት፤ ሆን ብሎ ቢደብቅ ውሉ ይፈርሳል። በቸልተኝነት የደረሰ ጉዳት ይሸፈናል፤ ታስቦ የተደረገ አይሸፈንም። ለሦስተኛ ወገን የሚደርስን ጉዳት የሚሸፍን የኃላፊነት መድንም በሕጉ የታወቀ ነው።

አብዛኛው ተከራይ የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። «ባለቤቱ ቤቱን መድን አስገብቶታል» ብሎ ተዝናንቶ ይተኛል። ነገር ግን መድን ሰጪው ለባለቤቱ ከከፈለ በኋላ በባለቤቱ እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን፣ ማለት ተከራዩን፣ ሊጠይቅ ይችላል። የባለቤቱ ፖሊሲ የተከራይ ጃንጥላ አይደለም። በአሜሪካ ተከራይ ለብቻው የሚገባው መድን የተለመደ ነው፤ እዚያም ቢሆን በሰፊው የሚሠራበት የፖሊሲ ቃል እንስሳትን፣ ወፎችንና ዓሦችን ከንብረት ዋስትናው በስም ያስወጣል። ከገንዳው የፈሰሰው ውሃ በጎረቤት ላይ ያደረሰው ጉዳት አንድ ነገር ነው፣ የሞተው ዓሣ ሌላ። ስለዚህ እኛም አገር መድን የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ቢቀበል ይሻላል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጭቃ ቤት ነው። በፎቅ ላይ ያለው አከራይ የሚፈራው ክብደቱን ነው፤ ፍርሃቱም በስሌት የሚታይ ነው። 100 በ40 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። መስተዋቱ፣ ጠጠሩና መቆሚያው ሲጨመር ከ280 ኪሎ አያንስም፤ ይህም ባረፈበት ስፍራ በካሬ ሜትር 700 ኪሎ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮዳችን ለመኖሪያ ወለል ይወስድ የነበረው በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን፣ በግምት 200 ኪሎ ነበር። ይህን ያየ ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን የኮዱ ቁጥር በወለሉ ሁሉ ላይ የተዘረጋ ጭነት ነው፤ 12 ካሬ ሜትር ክፍል በድምሩ 2,400 ኪሎ ያህል ታስቦለታል። በደንብ በተሠራ ወለል ላይ ገንዳው በምሰሶ ወይም በአግዳሚ አጠገብ፣ ከሥሩ ጠንካራ ሳንቃ ተነጥፎለት ቢቀመጥ፣ ክብደቱ እንደሚፈራው አይደለም። ይልቅ የሚያሰጋው የሲሊኮን መጋጠሚያው የለቀቀ ዕለት ነው። 200 ሊትር በዚያው ክፍል ላይ ቢፈስ ከአንድ ሳንቲሜትር ተኩል በላይ ይተኛል፤ ከዚያም መንገድ ፈልጎ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይወርዳል። ጎረቤቱ ደግሞ በውሉ ውስጥ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል። ወረቀቱ ከተዘጋጀ ዘንድ አንዲት ገጽ አባሪ ማድረግ አይከብድም፤ የገንዳው መጠንና ክብደት፣ የሚቆምበት ስፍራ፣ ፓምፑ ከውሃው ጠርዝ በላይ መሰቀሉ ወይም ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ መኖሩ፣ ከግድግዳው ማዶና ከወለሉ ሥር ምን እንዳለ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል። ይህችን ገጽ ለማዘጋጀት የማኅበራችን አባል ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

እኔ ራሴ ከዲማ ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ ቤት በተከራየሁ ጊዜ እንዲህ ያለ ገጽ አዘጋጅቼ ለአከራዬ፣ ለአንድ ጡረተኛ መምህር፣ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ለመስክ ሥራ ወጥተህ ሳለ ውሃው ቢፈስ፣ የክፍሉን ቁልፍ ማን ይዞታል?» አሉኝ። ያንን አልጻፍኩም ነበር። በብዕራቸው ከግርጌው ጨመሩት፤ ሁለታችንም ፈረምንበት፤ ሁለተኛውንም ቁልፍ ሰጠኋቸው።